ምዕራፍ 6፦ ከጾም ወደ ፍስክ፤ የፋሲካ ማዕድ፣ ጤናና ምስጋና

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ ፋሲካ የሚከበረው ለ55 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ተለይተው፣ ብዙዎቹም ቅዳሴ እስኪወጣ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ከቆዩ በኋላ በመሆኑ፣ በዓሉን ከሌሎች የቤተሰብ ድግሶች የሚለይ አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሰውነት ለሁለት ወራት ገደማ የለመደውን አመጋገብ በአንዲት ሌሊት እንዲለውጥ መገደዱ ነው። ዐቢይ ጾም የሚባለው ይህ ወቅት ዘወረደ ከተባለው ሳምንት ጀምሮ ክርስቶስ በገዳም የጾማቸውን 40 ቀናትና የመከራው መታሰቢያ የሆነውን ሰሙነ ሕማማትን አካትቶ የሚይዝ ሲሆን፣ ከስቅለት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምሱ የሚያከፍሉ፣ ማለትም አክፍሎት የሚባለውን ተጨማሪ ጾም የሚይዙ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ራስ ምታት የበዓል ማግስት የተለመዱ ወሬዎች ሆነው የቆዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በድግሱ ላይ ብቻ ማላከክ ተገቢ አይመስልም፤ የበዓሉ ሥርዓት ራሱ የመጠን መጠበቂያዎች ያሉት ሲሆን፣ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው እነዚያ መጠበቂያዎች በጥድፊያ ሲዘለሉ ነው።

ከመጠበቂያዎቹ የመጀመሪያው የበዓሉ ርዝመት ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ማለትም መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት በዓል እስከሚከበርበት ዕለት ያሉት 50 ቀናት በዓለ ሃምሳ ተብለው የሚጠሩ ሲሆን፣ በሌላው ጊዜ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ እንኳ በእነዚህ ሳምንታት አይጾሙም። የፍስክ ምግብ የሚባለው የእንስሳት ተዋጽኦ ሁሉ እንግዲህ ለሰባት ሳምንታት ያለ ማቋረጥ ከማዕዱ ሊቀርብ ይችላል። ዘመድ በየሰፈሩ ተበትኖ የሚኖርበት፣ ሰኞ ማለዳም ሥራ የሚገባበት የከተማ ኑሮ ግን ግብዣውን ሁሉ በአንድ እሑድ ላይ ስላጨናነቀው፣ በሃምሳ ቀን ተካፍሎ ሊበላ የሚችለው ዶሮ፣ በግና በሬ ከጎሕ እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲያልቅ የሚፈለግ ሆኗል።

ሰውነት ጾሙን ሲፈታ

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት የሚበዙበት የጾም ማዕድ ፋይበር፣ ማለትም ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው የዕፅዋት ክፍል፣ በብዛት የሚገኝበት ነው፤ ይህ ክፍል ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ደርሶ በዚያ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። ሎውረንስ ዴቪድና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት 10 ፈቃደኞች ለአምስት ቀናት ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ብቻ እንዲመገቡ ሲደረግ፣ በቀናት ውስጥ ፋይበርን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ቀንሰው ሐሞትን የሚቋቋሙት ዝርያዎች በርክተው ተገኝተዋል። የጥናቱ ሰዎች አሜሪካውያን እንጂ ጾመኞች አልነበሩም፤ ቢሆንም የአመጋገብ ለውጥ በአንጀት ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሠራ ያሳያል።

ከባክቴሪያዎቹ ይልቅ ወዲያው የሚሰማው ግን የስብ ሥራ ነው። ቅቤና የሥጋ ስብ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርሱ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን፣ ማለትም በደም ተጉዞ ለሌሎች የሰውነት ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ይመነጫል፤ ይህም ጨጓራ የያዘውን ቀስ ብሎ እንዲያራግፍ፣ የሐሞት ከረጢትም ተኮማትሮ ሐሞት እንዲረጭ ያደርጋል። ከድግስ በኋላ ለሰዓታት የሚቆየው የመወጠር ስሜት የዚህ መዘግየት ውጤት ሲሆን፣ በሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከረጢቱ ሲኮማተር ከቀኝ ጎድን ሥር ተነሥቶ አንዳንድ ጊዜ እስከ ትከሻ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ሊሰማቸው ይችላል። የሚከብደው ስቡ በመሆኑም የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው የሚለው አስተሳሰብም መታረም ያለበት ነው፤ በዘይት የተንጨረጨረ የጾም ወጥ ከመጠነኛ የዶሮ ወጥ የባሰ ሊከብድ ይችላል።

በብዙ ቤቶች ምእመናን ከሌሊቱ ጸሎት ሲመለሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ተልባ ነው። ተልባ ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ በፍሬው ውስጥ ያለው የሚሟሟ ፋይበር ውሃውን አዝሎ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ይፈጥራል፤ ይህ ፈሳሽ በባዶው ሆድ ውስጥ ቦታ ስለሚይዝና ሆድ ድርቀትንም ስለሚከላከል አረጋውያን ሆድ ያለሰልሳል የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተልባው በኋላ ጸሎት ይደረሳል፣ ድፎ ዳቦው በቤቱ ታላቅ ይቆረሳል፣ እጅ ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወጡ የሚወጣው። ሰውነት መጥገቡን ለአንጎል የሚያሳውቀው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ በመሆኑ፣ እነዚህ እንደ ወግ ብቻ የሚታዩ መዘግየቶች ከሐኪም ምክር የማያንስ ጥቅም አላቸው። ሌሊት ጥቂት ቀምሶ ተኝቶ፣ ዋናውን ምግብ ለእሑድ ቀትር ማቆየትም ከሥርዓቱ የሚቃረን ነገር የለውም።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ጉርሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ራሱ የሚበላ ሰው እጁን መሰብሰብ ይችላል፤ የሚጎርስ ሰው ግን ፍጥነቱም መጠኑም በአጉራሹ እጅ ነው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛው ተከትሎ ይመጣል። «አፈር ስሆን»፣ «በሞቴ» ተብሎ የተለመነ እንግዳ ሦስት ቤት ከጎበኘ፣ በእያንዳንዱም እምቢታው ንቀት እንዳይመስልበት ከበላ፣ በቀኑ መጨረሻ የሚደርስበትን መገመት አያዳግትም። ጉርሻው ይቅር ማለት ግን የማይቻልም የማይገባም ነው። አክባሪው ጋባዥ አንዴ ለምኖ ቢተው፣ ተጋባዡም ትንሽ አንሥቶ እየቀመሰና አዘገጃጀቱን እያደነቀ ረዘም ላለ ጊዜ ከገበታው ባይነሣ የሁለቱም ክብር ይጠበቃል። ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው በእግር መሄድም፣ ከምግብ በኋላ የሚደረግ ቀስ ያለ ጉዞ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ስለሚቀንስ፣ ጥየቃውን ራሱን መድኃኒት ያደርገዋል።

ከወጥ ቤቱ እስከ ቅርጫው

የዶሮ ወጥ አሠራር ለጤና ጠንቅ ሊሆን የሚችለው ድስቱ ላይ ሳይሆን ዶሮው በሚገነጠልበት ቦታ ነው። በ12 ብልት የሚወጣው ዶሮ በጨውና በሎሚ እየታሸ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ የሚታጠብ ሲሆን፣ ሎሚና ጨው ሽታውን ቢያጠፉም ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥና የትኩሳት መንሥኤ ባክቴሪያ አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድሉም፤ የእጥበቱ ውሃ ደግሞ በየአቅጣጫው እየተፈናጠቀ ባክቴሪያውን ወደ ቢላዋው፣ ወደ መክተፊያውና በአጠገቡ ወዳለው የሰላጣ ሳፋ ያደርሰዋል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ለመብላት የሚያሰጋ አይደለም፤ ለሰዓታት በሚንተከተክ ቁሌት ውስጥ የበሰለ ብልት ደግሞ ይህን መጠን ያልፈዋል። ስለዚህ ባለሙያዋ ዶሮውን ለብቻው በተለየ ሳፋና ቢላዋ አጥባ፣ ቦታውንና እጇን በሳሙና ካጸዳች በኋላ ወደ ሰላጣው ብትሄድ ዋናው አደጋ ተወገደ ማለት ነው። የተረፈው ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ከእሳትም ከፍሪጅም ውጭ እንዳይቆይ፣ ሲሞቅም ለብ ብሎ ሳይሆን ተንተክትኮ እንዲሞቅ ማድረግ ቀሪውን ይጨርሳል።

ጥሬ ሥጋ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ቅርጫ የሚባለው ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ የሚገዙበት፣ ሥጋውንም ከሻኛውም ከሽንጡም ከዳቢቱም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እየመደቡ በዕጣ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ሲሆን፣ በፍትሐዊነቱ የሚመሰገነውን ያህል እርዱ በግቢ ውስጥ የሚፈጸም በመሆኑ የእንስሳት ሐኪም ዓይን አያርፍበትም። በቄራ የሥጋ መርማሪው የበሬውን የመንጋጋ ጡንቻ፣ ምላስና ልብ እየሰነጠቀ የሚፈልገው የኮሶ ትል እጭ ያለበትን፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ነው። ይህ እጭ በጥሬው ከተበላ በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ ብዙ ሜትር የሚረዝም ጥገኛ ትል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ የሚባለው ይሆናል። ቀደምት ኢትዮጵያውያን ለዚሁ ትል የኮሶን ዛፍ አበባ ይጠጡ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች የሚያዙት ፕራዚኳንቴልን የመሰሉ እንክብሎችን ነው። ለብለብ የተባለው ክትፎ መሐሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ከጥሬው የሚለየው ጥቂት ነው፤ እጩ የሚሞተው ሥጋው ውስጡ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀናት በረዶ ሆኖ ሲቆይ ነው። ቁርጥ የሌለበት በዓል፣ በዓል አይመስለኝም የሚል ሰው ቢያንስ ሥጋውን ከተመረመረበት ቦታ ይግዛ፤ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ግን ጥብሱ ይበቃል።

ስለ መጠጥ የሚባለው አጭር ነው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ የአልኮል መጠናቸው እጅግ የተለያየ ሆኖ ሳለ በበዓል ቀን በአንድ ገበታ ላይ ተከታትለው ይቀርባሉ፤ የቤት ጠጅም ጣፋጭነቱ ብርታቱን ስለሚሸፍን ብርሌው ሳይታወቅ ይደጋገማል። ፊሊፕ ኤቲንገርና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. በበዓላትና በሳምንት መጨረሻ ብዙ ከጠጡ በኋላ የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን መርምረው ሕመሙን የበዓል ልብ ሕመም ብለው ሰይመውታል። ከ1998 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በስዊድን የተመዘገቡ ከ283,000 በላይ ድንገተኛ የልብ ሕመሞችን የመረመረ ጥናትም በፈረንጆች የገና ዋዜማ ሕመሙ በ37 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አረጋግጧል፤ የሚገርመው በፋሲካቸው ይህ ጭማሪ አልታየም፤ የስዊድን ፋሲካ ግን ሁለት ወር ጾሞ የሚያድር ቤተሰብ በዓል ስላልሆነ ለኢትዮጵያው በዓል ማጽናኛ ሊሆን አይችልም።

የስኳር ሕመምተኞች ለብቻቸው ሊነገርላቸው ይገባል። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሰዎች ምግብ ሳይበሉ አልኮል ሲጠጡ፣ ጉበት አልኮሉን በማጣራት ስለሚጠመድ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት የስኳር መጠን በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የአነጋገር መዛባት የዚህ ምልክቶች ሲሆኑ፣ በበዓል ቤት ግን ሰክሮ ነው ተብለው ስለሚታለፉ ሕመምተኛው እንዲተኛ ይተዋል፤ ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁኔታውን ከቤተሰቡ ቢያንስ ለአንዱ ሊያስታውቅ ይገባል። የጾሙን ጊዜ በተመለከተም ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን የምታቀልልበት ሥርዓት ያላት በመሆኑ፣ ሐኪምንና የነፍስ አባትን አስቀድሞ ማማከር መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ከማቋረጥ ያድናል።

ምስጋና በሥራ

የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ምስጋናን ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መገንዘብ አድርገው ይተነትኑታል፤ አንደኛው አንድ መልካም ነገር መደረጉን፣ ሁለተኛው ደግሞ የዚያ መልካም ነገር ምንጭ ከራስ ውጭ መሆኑን። ሮበርት ኤመንስና ማይክል መካለፍ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለ10 ሳምንታት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች የጻፉ ተማሪዎች፣ የሚያበሳጯቸውን ከጻፉት ይልቅ በሕይወታቸው የተደሰቱ፣ የሰውነት ሕመም ስሞታቸው ያነሰና ብዙ ስፖርት የሚሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። በኋላ የተደረጉ ግምገማዎች ውጤቱ መጠነኛ መሆኑን ስላሳዩ ምስጋናን እንደ ክኒን ማዘዝ አይገባም። ሆኖም ጥናቱ በጽሑፍ ያስለመደውን ነገር የበዓል ምርቃት በቃል ሲያደርገው ኖሯል፤ ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ሲሉና ቤተሰቡ «አሜን» እያለ ሲቀበል፣ የተገኘው መልካም ነገር፣ ማለትም በሕይወት ደርሶ መገናኘት፣ ምንጩም ከሰው አቅም በላይ መሆኑ በአንድ ጊዜ ይነገራል።

ምርቃት ግን ኀዘንን መሸፈኛ እንዲሆን ሊገደድ አይችልም። አንድ ቤተሰብ ሰው ከሞተበት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ፋሲካ በባዶው መቀመጫ ምክንያት ከሌላው ቀን ይልቅ የሚከብድ ሲሆን፣ ሐዘንተኛን «ተመስገን በይ እንጂ» እያሉ ማዋከብ ጥቅም የለውም፤ የሟቹን ስም አንሥቶ መልካም ሥራውን ማውሳት፣ እንባውም እንዲፈስ መተው ለሐዘንተኛውም ለእንግዳውም ይሻላል። በዚሁ ረገድ ለወጣቶች ስለሚቀርቡት ጥያቄዎችም መታሰብ አለበት። «መቼ ነው ሠርጉ?»፣ «ልጅስ?»፣ «ሥራ አልተገኘም?» የሚሉት በፍቅር የሚጠየቁ ቢሆኑም፣ ተጠያቂው ዓመቱን ሙሉ ሲታገልበት የኖረውን ጉዳይ በሰው ፊት የሚያወጡ በመሆናቸው ብዙ ወጣቶች ከዘመድ ቤት የሚሸሹባቸው ናቸው። አክስትና አጎት ያንኑ ምኞታቸውን በምርቃት መልክ ቢያቀርቡት ተጠያቂው መልስ ከመፈለግ ይድናል፤ «አሜን» ብቻ ይበቃዋል።

ከአገር ውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ቀመር የሚቆጠረው ፋሲካ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ከምዕራባውያኑ ጋር በአንድ ቀን ቢውልም፣ በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ሲከበር የምዕራባውያኑ ከሳምንት በፊት አልፏል፤ በአብዛኛው ዓመትም እንዲሁ ስለሚለያይ በአውሮፓና በአሜሪካ የልጆች የትምህርት ዕረፍት ከበዓሉ ጋር አይገጥምም። ሳምንታዊ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ በሆነባት በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ለምትሠራ እኅት ደግሞ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ለእርሷ በዓለ ሃምሳ በስልክ ብቻ ከተከበረ እሑድ ይልቅ ትልቅ ዕድል ይሰጣታል፤ ዕረፍት ባገኘችበት ቀን ከጓደኞቿ ጋር ብትሰበሰብ በዓሉ አላለፋትም።

በሁሉም ቤት ግን ከምስጋናው ድርሻዋን የማታገኝ አንዲት ሴት አለች። ለአንድ ዶሮ ብዙ ኪሎ ሽንኩርት ተልጦና ደቅቆ ተከትፎ፣ ውሃው እስኪመጥ ያለ ዘይት ሲታመስ፣ ከዚያም በርበሬው ገብቶ ለሰዓታት ሲቁላላ ከድስቱ ሥር የማትለየው እናት፣ ወጡ የሚሠራው ጾሙ ሳይፈታ በመሆኑ አንዴም ሳትቀምሰው ጨዉን በሽታውና በመልኩ መጥና ታወጣዋለች። እሑድ ሌሊት ሁሉም ሲጎርስ እርሷ እንጀራ ትጨምራለች፤ ቀትር ላይ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፤ በመጨረሻ ስትቀመጥ ምግቡ ቀዝቅዞ፣ የመብላት ፍላጎቷም ጠፍቶ ይገኛል። ያላረፈና ያልበላ ሰው በቀላሉ እንደሚቆጣ፣ ደም ግፊት ያለበትም መድኃኒቱን እንደሚረሳ ግልጽ በመሆኑ፣ በብዙ ቤቶች ማምሻውን የሚነሣው ጭቅጭቅ ከእርሷ ድካም ጋር የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል። ወንዶች ልጆች በጉን አርደውና ገፍፈው ሥራችን አለቀ ብለው መቀመጣቸው በዚህ ዘመን የሚያስኬድ ክፍፍል አይደለም። ዕቃ ማጠብን፣ እንግዳ ማስተናገድንና ቡና ማፍላትን ተከፋፍሎ እርሷን ከሁሉ አስቀድሞ ማስቀመጥና ማጉረስ ከማንኛውም የስጦታ ልብስ የበለጠ ምስጋና ነው። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት የሚላጠው ቅዳሜ በቀን ስለሆነ፣ እናቱን ለማመስገን የሚያስብ ሰው እሑድን ሳይጠብቅ ቅዳሜ በማለዳ ይምጣ።